ፈረስና ወሰን፤ በውጭ አገር ስለሚወዳደሩ ፈረሶች ምርመራና ለይቶ ማቆያ የቀረበ ሂስ

በላሊበላ ከተማ ቤተ ጊዮርጊስን የጎበኘ ሰው፣ በግቢው የዐለት ግድግዳ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ኮቴ ያረፈበት ነው ተብሎ የሚነገርለትን ምልክት ሳያይ አይመለስም። ከዚያም ወጥቶ ወደ ነአኩቶ ለአብ የሚወስደውን መንገድ ቢይዝ፣ ኮርቻ ተጭነው መንገደኛ የሚጠብቁ በቅሎዎችን ያገኛል። ላስታ ፈረስን በትውፊቱ፣ በቅሎን በኑሮው የያዘ አገር ነው። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣንም አንድ ጥያቄ ነው፤ ከጋማ ከብት ጋር ይህን ያህል የተሳሰረ ሕዝብ ያለባት፣ በፈረስ ብዛትም ከአፍሪካ አገሮች የምትቀድም ኢትዮጵያ፣ ፈረሷ ስለ ምን ባሕር ተሻግሮ በዓለም የእሽቅድምድም ሜዳ አይታይም?

ለዚህ ጥያቄ በተማሪዎች መካከል ሁለት ዓይነት መልስ ሲሰጥ እንሰማለን። አንደኛው ወገን፣ ፈረሶቻችን በቁመት ትንንሾች ስለሆኑ ከእንግሊዝና ከዐረብ ፈረስ ጋር ሊሽቀዳደሙ አይችሉም ይላል። ይህን መልስ አሁን አንመረምረውም፤ ፍጥነት የሚታየው በሜዳ ላይ ነውና፣ ሜዳው ላይ ሳይደርሱ ስለ ፍጥነት መከራከር ከንቱ ነው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ የእንስሳት ምርመራና የለይቶ ማቆያ (የኳራንቲን) ሕግ ሀብታሞች ድኾችን ለማራቅ የሠሩት አጥር ነው ይላል። ሂሳችን የሚያተኩረው በዚህኛው ላይ ነው። በእኛ አስተያየት ይህ አባባል ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን ራስን ማታለል ነው። አንዱን ግማሽ ከሌላው ለመለየት ሕጉን ከነታሪኩ መመልከት ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ፣ ሕጉ ሀብታሙንም የሚያግድ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሳተፈችው በኅዳር 1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1956) በሜልቦርን ነው። ሯጮቻችንና ብስክሌት ነጂዎቻችን አውስትራልያ ሲደርሱ፣ በዚያ አንድም የውድድር ፈረስ ከውጭ አልመጣም ነበር። የአውስትራልያ መንግሥት የእንስሳት ማግለያ ሕጉን ለኦሊምፒክ ሲል አላላላም ስላለ፣ የፈረስ ውድድሩ ብቻውን ተነጥሎ በሰኔ 1948 ዓ.ም. በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም ተደረገ። በዚያ ውድድር 29 አገሮች ሲካፈሉ ኢትዮጵያ ከነዚያ አንዷ አልነበረችም። እንግዲህ የእንግሊዝም፣ የጀርመንም፣ የአሜሪካም ፈረስ በአንድ ሕግ ከአውስትራልያ በር ተመልሷል። አጥር ነው የሚለው ቃል እዚህ ላይ ይጸናል፤ ለድኻ ብቻ የተሠራ አጥር ነው የሚለው ግን አይጸናም።

ሁለተኛ፣ ሕጉ የተወለደው ከፍርሃት እንጂ ከትዕቢት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920 ከሕንድ ወደ ብራዚል የሚጓዙ ከብቶች በቤልጂክ ወደብ በአንትወርፕ ሲያልፉ የከብት መቅሠፍት በሽታን ጥለው ሄዱ። ከዚህ ድንጋጤ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1924 የ28 አገሮች መልእክተኞች በፓሪስ ተስማምተው፣ ዛሬ የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ተብሎ የሚጠራውን ማኅበር አቋቋሙ። ፈረሶች ከአገር ወደ አገር ሲሄዱ የሚጠየቀው የምርመራ ደንብ መሠረቱ የዚህ ድርጅት ሕግ ነው።

ነገር ግን ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባዋል። ይኸው በሽታ ከአንትወርፕ ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድሞ፣ ለኢጣልያ ጦር በምጽዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር ወደ አገራችን መጥቶ ነበር። ክፉ ቀን ብለን የምንጠራው፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው ረኀብ ዋና መነሻው ይህ ነው። ከአሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። ገበሬው በሬ አጥቶ እርሻው ጾም አደረ። ያን ጊዜ ዓለም ጉባኤ አልጠራም፤ ሕግም አልጻፈም። ጉባኤው የተጠራው መቅሠፍቱ የአውሮፓን ደጃፍ ባንኳኳ ጊዜ ነው። የሁለተኛው ወገን ክርክር እውነት የሚሆነው በዚህ በኩል ነው፤ ጥፋቱ ግን በሕጉ መኖር ሳይሆን ሕጉ ለእኛ ዘግይቶ መምጣቱ ላይ ነው። በምጽዋ ወደብ አንድ የማግለያ በረትና አንድ የእንስሳት ሐኪም ቢኖሩ ኖሮ፣ የላስታ ገበሬ በሬዎቹን ይዞ ክረምቱን ባለፈ ነበር ብሎ ማሰብ ከመጠን ያለፈ ምኞት አይደለም። ማግለያ የሚጠብቀው ላኪውን ሳይሆን ተቀባዩን ነው፤ እኛም ተቀባዮች ነበርን።

አሁን ወደ ፈረሱ እንመለስ። የኢትዮጵያን ፈረስ ከሁሉ ይልቅ የሚያግደው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የተባለው ደዌ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ዘጠኝ ዓይነት ያለው ቫይረስ ሲሆን፣ ከፈረስ ወደ ፈረስ በንክኪ አይተላለፍም፤ በዐይን በጭንቅ የምትታይ ደም መጣጭ ትንኝ ናት ተሸካሚው። ሳንባን የሚይዘው ዓይነት ሲመጣ ፈረሱ በአፍንጫው አረፋ ደፍቆ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይሞታል። በዚህ መልክ ከተያዙት መቶ ፈረሶች እስከ ዘጠና አምስቱ ያልቃሉ፤ ከበቅሎም ግማሹ ያህል ይሞታል፤ አህያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። የሜዳ አህያ ደግሞ ሳይታመም ቫይረሱን ይዞ ይኖራል።

ፈረስ የደጋ ከብት ነው የሚለው የአባቶቻችን አባባል ከዚህ ትንኝ ጠባይ ጋር የሚስማማ ነው፤ ትንኟ ሙቀትና እርጥበት ትወዳለችና። እ.ኤ.አ. በ1867 እና በ1868 የእንግሊዝ ጦር ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ሲመጣ፣ ከሕንድና ከሌላም አገር በመርከብ ያመጣቸው ብዙ ፈረሶችና በቅሎዎች በዙላ ጠረፍ በውሃ ጥምና በደዌ አልቀዋል። የተረፉት ወደ ደጋ ወጥተው በላስታ በኩል እስከ መቅደላ ተጉዘዋል። ቆላው የፈረስ መቃብር፣ ደጋው መሸሸጊያው መሆኑን ያ ዘመቻ በገሃድ አሳይቷል።

አንድ በሽታ ያለበት እንስሳ ያለ በቂ ምርመራ ሲያልፍ ምን እንደሚከተል ሦስት አገሮች አስመስክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 ከናሚቢያ ወደ ስፔን የመጡ የሜዳ አህዮች የአፍሪካን የፈረስ በሽታ ይዘው ገቡ። ደዌው በስፔን እስከ 1990 ሲመላለስ ፖርቱጋልንና ሞሮኮንም ነካ፤ በ1992 የባርሴሎና ኦሊምፒክ ሲደርስ ፈረሶች የሚወዳደሩበትን አካባቢ ከበሽታ ነጻ ቀጠና አድርጎ መከለል የግድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የፈረስ ጉንፋን በሲድኒ አጠገብ ካለው ከመንግሥቱ የማግለያ ጣቢያ አምልጦ የሁለት ክፍላተ ሀገር እሽቅድምድም አቆመ፤ በኋላ የቀረበው የምርመራ ዘገባ፣ በሽታው ሳይጸዳ በወጣ ሰው ወይም ዕቃ ላይ ተሳፍሮ ሳይወጣ እንዳልቀረ ገልጿል። ሦስተኛዋ ታይላንድ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የአፍሪካ የፈረስ በሽታ በናኮን ራቻሲማ ክፍለ ሀገር ከእሽቅድምድም ፈረሶች ጀምሮ ከ500 በላይ ፈረሶች ገደለ። አገሪቱ ከበሽታው ነጻ መሆኗ እንደገና የታወቀላት በ2023 ነው።

ከነዚህ ምሳሌዎች ሁለት ነገር እንማራለን። በሽታን የሚያግደው የጣቢያው ግንብ ሳይሆን የሠራተኛው ጥንቃቄ ነው፤ ግንብ ያላት አውስትራልያ በልብስና በዕቃ ተሸንፋለችና። ከዚህም ሌላ፣ ፈረሶቻችንን የሚያስቆመው ደንብ ያለ ምክንያት የቆመ አይደለም። ከታማሚ አገር የሚመጣ ፈረስ ትንኝ በማይገባበት ቤት ለብዙ ቀን እንዲቆይና ደሙ እንዲመረመር የሚታዘዘው፣ ሕጉ በሽታው በፈረስ ደም ውስጥ እስከ 40 ቀን ድረስ ሊቆይ ይችላል ብሎ ስለሚቆጥር ነው። ይህ የሳይንስ ቍጥር እንጂ የንቀት ቍጥር አይደለም።

የሆነ ሆኖ ሕጉን ከነቀፌታ ነጻ አናደርገውም። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ከፈረስ ስፖርት ማኅበሮች ጋር ተስማምቶ፣ ከፍተኛ ጤናና ከፍተኛ ብቃት ያላቸው ፈረሶች የሚባል ልዩ ክፍል አበጅቷል። እነዚህ ፈረሶች በሐኪም ዐይን ሥር ስለሚኖሩ በአጭር የምስክር ወረቀት ከአገር ወደ አገር ያልፋሉ። አሠራሩ በራሱ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ብዙው ገንዘብና ብዙው ዕውቀት የሚወዳደረውን ፈረስ ተከትሎ ሲሄድ፣ ውሃ የሚቀዳው፣ እህል የሚጭነውና ተሳላሚ የሚያደርሰው የጋማ ከብት ከጥናቱም ከክትባቱም ጥቂት ብቻ ይደርሰዋል። ትንኟ ግን የእሽቅድምድሙን ፈረስ ከጋሪው ፈረስ ለይታ አትነድፍም። ምንጩ ሳይደርቅ ወንዙን መገደብ ለጊዜው ነው።

አሁን ደግሞ ነቀፌታውን ወደ ራሳችን እናዙር። በደብረ ዘይት እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት ለአፍሪካ የፈረስ በሽታ ክትባት ማዘጋጀቱ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ሲዘጋጅ የኖረው ክትባት የዘጠነኛውን ዓይነት ቫይረስ ብቻ የሚከላከል ሆኖ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003 የተደረገው ጥናት ስድስተኛውን ዓይነት ጭምር አግኝቷል፤ ከዚያ በኋላ የተደረጉት ደግሞ ሁለተኛውን፣ አራተኛውንና ስምንተኛውን አክለዋል። አምስት በር ባለው ቤት አንዱን ብቻ ዘግቶ ማደር ማለት ይህ ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ ፈረሶቻችን መዝገብ የላቸውም። የትኛው ፈረስ መቼ እንደተከተበ፣ ከየት ተገዝቶ የት እንደ ተሸጠ የሚያሳይ ጽሑፍ ከሌለ፣ በደሙ ውስጥ የተገኘው ምልክት የክትባት ይሁን የበሽታ ማንም ሊለየው አይችልም። እንዲህ ያለውን ፈረስ የውጭው ሐኪም ቢመልሰው በምን አፋችን እንከሰዋለን?

የሚያስቆጨውም ለዚህ ሥራ ባዳ አለመሆናችን ነው። በውጭ አገር የፈረስ ፓስፖርት የሚባለው ሰነድ፣ የፈረሱን መልክና ምልክት በሥዕል የሚያሳይ ነው። የእኛ ፈረሰኛ ደግሞ ዳማውን ከመጋላው፣ አምባላዩን ከጉራቻው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበትን ቦራ ከሌላው ለይቶ መጥራት ከልጅነቱ ያውቃል። በቤተ መንግሥት ፈረሶችን የሚጠብቅና የሚያስተዳድር ባልደራስ የተባለ ሹመት ነበረን። ጀግኖቻችን በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ዐፄ ምኒልክን አባ ዳኘው እንላቸዋለን። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በአዊ በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር፣ ፈረሰኛው ሜዳውን ይሞላዋል። የአዊ አገው አባቶቻቸው ከላስታ እንደመጡ በትውፊት ይናገራሉ። ይህን ያህል ፈረስ በአንድ ቀን በአንድ ሜዳ የሚሰበሰብበት አጋጣሚ፣ ለክትባትና ለመዝገብ ከዚህ የተሻለ ከየት ይገኛል? ያለ ክትባትና ያለ መዝገብ ከተሰበሰበ ግን ያው ሜዳ የበሽታ ገበያ ሊሆን ይችላል።

ለላስታ ጉዳዩ የስፖርት ብቻ አይደለም። የፈረስ በሽታ የሚበረታው ክረምቱ ወጥቶ ትንኝ በሚበዛበት በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ ነው። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ታኅሣሥ 29 ቀን የልደት በዓል ይደርሳል፤ ከየአገሩ የሚመጣው ተሳላሚም ላሊበላን ያጥለቀልቃል። ለበቅሎ አከራዩ የዓመት ገቢው ያ ወቅት ነው። በጥቅምት በቅሎው የሞተችበት ሰው በልደት ባዶ ልጓም ይዞ ይቆማል። ከተማው 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ቢኖረው፣ አቡነ ዮሴፍም ከ4,200 ሜትር በላይ ቢሆን፣ ከሥሩ ወደ ተከዜ የሚወርደው ሸለቆ ሞቃት ነው፤ በቅሎም ከሁለቱም ይውላል። ደጋ ነኝ ብሎ መዘናጋት አይቻልም።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከውጭ በር ላይ ያለውን ማግለያ ከመንቀፋችን በፊት ማግለያን በቤታችን እንጀምር። ከገበያ የተገዛች በቅሎ ከሌሎቹ ጋር ከመታሰሯ በፊት ለብቻዋ ትቆይ፤ ክትባቱ ከዝናቡ በፊት ይሰጥ፤ የሚያዘጋጀውም ተቋም በአገሩ የተገኙትን ዓይነቶች ሁሉ የሚከላከል ክትባት ለማውጣት ይታገዝ፤ መልኩና የክትባቱ ቀን የተጻፈበት አንድ ወረቀት ለእያንዳንዱ የጋማ ከብት ይሰጠው። በደቡብ አፍሪካ በሽታው በአገሩ ሁሉ ሳይጠፋ፣ በኬፕታውን አካባቢ ከበሽታ ነጻ ቀጠና ተከልሎ ፈረሶች ወደ ውጭ የሚወጡበት መንገድ በ1997 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ ነበር፤ በሽታው በቀጠናው ዙሪያ በታየ ቁጥር መንገዱ ቢዘጋም ዘዴው የሚቻል መሆኑ ታይቷል። የእኛም ደጋ በትጋት ቢጠበቅ እንዲህ ያለ ቀጠና የማይሆንበት ምክንያት አይታየንም።

የከብት መቅሠፍት ከኢትዮጵያ መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ከዓለም መጥፋቱ በ2011 ታውጇል። ክፉ ቀንን ያመጣውን ጠላት ያሸነፈ አገር የፈረሱንም ጠላት ሊያሸንፍ ይችላል። ያን ጊዜ የላስታ ፈረስ ወደ ውጭ ሄዶ ያሸንፍ ወይም ይሸነፍ እንደሆነ ሜዳው ይፈርዳል። ባይሄድ እንኳ፣ በነአኩቶ ለአብ መንገድ ላይ ያለችው በቅሎ ለልደት ትደርሳለች፤ እኛም ለሥራው መጀመሪያ ይህ ብቻ በቂ ምክንያት ነው ብለን እናምናለን።