ሟች የሚያመለክቱት ለየትኛው መሥሪያ ቤት ነው?

መቼም አዲስ አበባ እየኖረ ቀብር የማይሄድ ሰው የለም። ስለዚህ ዛሬ የማነሣው ጽሑፍ ለማንም እንግዳ አይደለም። ሥላሴም ይሁን ዮሴፍ፣ ፍትሐቱ አልቆ አስከሬኑ ወደ መቃብር ከመውረዱ በፊት አንድ ዘመድ ወይም የሥራ ባልደረባ ወረቀት ይዞ ብቅ ይላል። «አቶ እገሌ ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በቀድሞው አጠራር በ… ጠቅላይ ግዛት፣ በ… አውራጃ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስም…» የቀረውን አንባቢዬ ራሱ ሊጨርሰው ይችላል። ዲፕሎማው፣ የተቀጠሩበት ዓመተ ምሕረት፣ የደረጃ ዕድገቱ፣ የሦስት ወሩ ኮርስ፣ ጡረታው… ከዚያ «ባደረባቸው ሕመም በአገር ውስጥና በውጭ አገር በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ተብሎ ይዘጋል።

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ጊዜ ተማሪዎቼን ብዕር ከማንሣታቸው በፊት ሦስት ነገር እንዲጠይቁ እጨቀጭቃቸው ነበር። ለምን ነው የምጽፈው? ለማን? የምጽፈውስ ምን ዓይነት ጽሑፍ ነው፤ ደብዳቤ ነው፣ ዜና ነው፣ ወግ ነው ወይስ ሪፖርት? ነገሩ ለፈተና ብቻ የሚጠና ይመስላቸው ነበር መሰለኝ፤ ጽፈው ይሰጡኝና ይረሱታል። እኔ ግን ከዚህ ከቀብር ወረቀት የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁለትም። ወረቀቱ በደንብ ሲታይ ስሙ ብቻ ነው የሕይወት ታሪክ። ዘሩ ሌላ ነው። ሥራ ፈላጊ ሁሉ በየቢሮው ይዞት የሚዞረው ሲቪ ነው። የሲቪ ዓላማ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ቀጣሪ ማሳመን። እስቲ እንግዲህ፣ ሟች የሚያመለክቱት ለየትኛው መሥሪያ ቤት ነው? በወዲያኛው ዓለም ያለው ቀጣሪ የሦስት ወሩን ኮርስ ሰርተፊኬት የሚጠይቅ አይመስለኝም።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት ብዙም ስውር አይደለም። ሰው ዛሬ ያርፋል፣ ነገ በዘጠኝ ሰዓት ይቀበራል። መሃል ያለችው አንዲት ሌሊት ናት። ድንኳን ይተከላል፣ ለዘመድ ይደወላል፣ ቤተሰቡ ለቅሶ ላይ ነው። በዚህ መሃል «ጽሑፍ ይችላል» የተባለ ጎረቤት (በኛ ሰፈር ብዙውን ጊዜ እኔ ነኝ) ይጠራና ከቁም ሣጥን የወጣ ፖስታ ይሰጠዋል። ፖስታው ውስጥ የትምህርት ማስረጃ፣ የቅጥር ደብዳቤና የጡረታ መታወቂያ አለ። ታዲያ ጽሑፉን የሚያቅደው ማን ሆነ? ፖስታው!

ቀመሩን ሙሉ በሙሉ አላጣጥለውም። «ባደረባቸው ሕመም» የምትለውን ሐረግ ውሰዱ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ኤድስ ወጣቱን ሲያረግፍ፣ በሽታው በስሙ ከተጠራ የሟች ሚስት ቤት መከራየት፣ ልጆቹም ከእኩዮቻቸው ጋር መጫወት በሚቸገሩበት ወቅት፣ ያቺ ሐረግ ስንቱን ቤተሰብ ከልላለች! የጻፋት ሰው ማን እንደሚሰማው፣ የሰማውም ነገ ምን እንደሚያደርግ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ለአድማጭ መጻፍ ማለት ይኸው ነው። ዛሬ ግን ሐረጓ በ88 ዓመታቸው አልጋቸው ላይ በሰላም ባረፉ አዛውንት ላይም በልማድ ትለጠፋለች። ከምን ልትከልላቸው?

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ ርእሱ «የሕይወት ታሪክ» ይላል፤ ቀጥሎም «በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወቂያ»። የጽሑፉ ዓይነት፣ ዓላማውና አንባቢው ገና ርእሱ ላይ ተነግረው አለቁ። አንባቢው ሟቹን አይቶት የማያውቅ የኋላ ዘመን ልጅ ከሆነ፣ የትውልድ ቦታንና የሹመትን ዘመን መደርደር ያስኬዳል፤ ልጁ ሌላ የሚጠይቀው ሰው የለውማ! የቀብር አድማጭ ግን ሟቹን ያውቀዋል። ያውም በትከሻው ተሸክሞት የመጣ ሰው ነው።

ይህን የድሮዎቹ አልቃሾች ከኛ ይልቅ አሳምረው ያውቁታል። አልቃሽ ፖስታ አይሰጣትም። ሟቹ ምን ይወድ እንደነበር፣ ማን ከሩቅ እንደመጣ፣ የት ላይ እንደተጎዳ፣ ማንን እንዳስታመመ ታጠያይቃለች፤ ግጥሟንም ፊቷ ለቆመው ሰው ትሰጣለች። ሙሾ ኋላ ቀር ነው ብለን ተውነው። ይሁን። በምትኩ ያመጣነው ግን የሠራተኛ አስተዳደር ፋይል ነው።

ፋይል የሌላቸውስ? እዚህ ላይ ነገሩ ከቀልድ ያልፋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰፈራችን አንዲት እናት አረፉ። 30 ዓመት ያህል እንጀራ ጋግረው ሸጠዋል። ሣጥናቸውን ከተሸከሙት ጎልማሶች መካከል የእሳቸውን የዱቤ እንጀራ በልተው ተምረው ዛሬ ባለ ቢሮ የሆኑ አሉ። ቅጥር የለ፣ ዕድገት የለ፣ ጡረታ የለ። ወረቀቱ ምን አለ? «የቤት እመቤት፣ የ6 ልጆች እናትና የ11 የልጅ ልጆች አያት ነበሩ።» ከዚያ ልጆቹ የሚኖሩባቸው ከተሞች ተቆጠሩ፤ ዋሽንግተን፣ ቶሮንቶ፣ ዱባይ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። አንባቢው ወረቀቱን እያጠፈ ሳለ አንዲት ጎረቤታቸው ከኋላ ጮክ ብለው «የዕዳችንን ደብተር ምጣድሽ ሥር የማገድሽው እህቴ!» አሉ። አንድ የችግር ዓመት ላይ ሴትየዋ የሰፈሩን የዱቤ ደብተር አቃጥለውት ኖሯል። ያ ሁሉ ጎልማሳ አንገቱን ደፋ፤ ሌላ ነገር መስማት የፈለገም አልነበረም።

ስድስት ቃል ናት። አንዲት ያልተማሩ እናት ለምን እንደሚናገሩ፣ ለማን እንደሚናገሩና ቦታው ምን ዓይነት ንግግር እንደሚሸከም ያውቁ ነበር። ዲግሪ ያለው የወረቀቱ ጸሐፊ ግን የልጆቹን አድራሻ መዘገበ። ለሴቶቻችን የምናነበው ታሪክ ከወንዶቹ ሁልጊዜ የሚያጥረው ያልሠሩ ሆነው አይደለም፤ የሠሩት ሥራ ፖስታ ውስጥ ስለማይገባ ነው።

«ታሪክ ይመዝገብ እንጂ፤ ለልጅ ልጅ ይቀራል» የሚሉኝ አሉ። ልክ ናቸው። የትውልድ መንደሩም፣ የሹመቱ ዓመትም ይጻፍ፤ ለአርባው ወይም ለሙት ዓመቱ በሚታተመው መታሰቢያ ላይ በሰፊው ይግባ፤ የልጅ ልጅ እቤቱ ተቀምጦ ያነበዋል። በጋዜጣም ሆነ በቴሌግራም የሚወጣው ዜና ዕረፍት ደግሞ ቀብሩ የትና ስንት ሰዓት እንደሆነ ከነገረን ሥራውን ጨርሷል። መቃብር አፋፍ ላይ በፀሐይ ለቆመ ሰው የሚነበበው ግን ሌላ ወረቀት ነው። እኛ አንዱኑ ገልብጠን ለሦስቱም እናውላለን።

በቅርቡ አንድ ጡረተኛ ጎረቤቴ፣ የሒሳብ መምህር የነበሩ ናቸው፣ «በኋላ እንዳትቸገር» ብለው የራሳቸውን የሕይወት ታሪክ በ3 ገጽ ጽፈው አመጡልኝ። አነበብኩት። የደረጃ ዕድገታቸው ከነደመወዙ ተዘርዝሯል።

«ጋሼ፣ ይህ ሲነበብ የሚሰማው ማን ነው?» አልኳቸው።

«ዕድርተኛው ነዋ! ልጆቼ… ያስተማርኳቸው… ጠዋት ጠዋት ዳማ የምንጫወተው እነዚያ ሦስቱ።»

«እነሱ የዕድገትዎን ዓመተ ምሕረት ይፈልጉታል?»

«እነሱማ የሚፈልጉት ስንት ጊዜ እንዳሸነፍኳቸው እንዳይነገር ነው» ብለው ሳቁና ወረቀታቸውን አጥፈው ይዘው ሄዱ። ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ አግኝቼ ብጠይቃቸው «ሦስቱን ገጽ አንድ አድርጌዋለሁ» አሉኝ። «ዳማው ግን ገብቷል።»