ስለ ኮምፒዩተር ክፍሎች ስያሜ፤ በአንድ የትርጉም ረቂቅ ላይ የቀረበ ሂስ

ለሙያ ሠልጣኞች ታስቦ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ ረቂቅ፣ ከመታተሙ በፊት አስተያየት እንድሰጥበት በቅርቡ ተልኮልኝ ነበር። ርእሱ «የበጀት ኮምፒውተር አገጣጠም» ይላል። ገንዘቡ ውሱን የሆነ ሰው ክፍሎችን ለየብቻ ገዝቶ ኮምፒዩተር ሊገጣጥም ሲነሣ ለየትኛው ክፍል ምን ያህል መመደብ እንደሚገባው፣ በተለይም ግራፊክስ ካርድ በምን መስፈርት እንደሚመረጥ ያስረዳል። ትምህርቱ ጠቃሚ ነው፤ ዐረፍተ ነገሮቹም በአመዛኙ የአማርኛን አካሄድ የተከተሉ ናቸው። ችግሩ ያለው በስያሜዎቹ ላይ ሲሆን የሚጀምረውም ከርእሱ ነው።

«በጀት» የሚለው ውሰት ቃል ወደ አማርኛ ከገባ ቆይቷል፤ ቦታውም የታወቀ ነው። የበጀት ዓመት፣ መደበኛ በጀት፣ ካፒታል በጀት እንላለን። «የበጀት ኮምፒውተር» ሲባል አማርኛ ተናጋሪው የሚረዳው በመሥሪያ ቤት በጀት የተገዛ፣ ምናልባትም የንብረት ቁጥር የተለጠፈበት ኮምፒዩተር ነው። የእንግሊዝኛው ቃል እንደ ቅጽል ሲያገለግል «ዋጋው መጠነኛ የሆነ» ማለት መሆኑን አርቃቂዎቹ አላጡትም፤ በውስጥ ገጾች «በአነስተኛ ገንዘብ» እያሉ በትክክል መልሰውታልና። ርእሱ ላይ ግን ቃሉ እንዳለ አለፈ። ይህ በአንድ መስመር የሚታረም ነው። ቀጥሎ የማነሣቸው ግን የገዢውን ኪስ የሚነኩ ስለሆኑ ሰፋ አድርጌ ልመለከታቸው እወዳለሁ።

እንዲህ ባለው መመሪያ ውስጥ የስያሜን ብቃት መመዘን አስቸጋሪ አይደለም። አንባቢው ዝርዝሩን ይዞ ወደ ሱቅ ይሄዳል። የተለያየ ዋጋ የሚከፍልባቸው፣ የተለያየ ሥራም የሚሠሩ ሁለት ነገሮች በዝርዝሩ ላይ አንድ ስም ብቻ ካላቸው ስያሜው ወድቋል።

በዚህ ሚዛን ከሁሉ አስቀድሞ የሚወድቀው «አንጎለ ኮምፒውተር» ነው። ስያሜው በተተረጎሙ የኮምፒዩተርና የስልክ ሥርዓቶች ላይም ስለሚታይ የአርቃቂዎቹ ፈጠራ አይደለም፤ እነርሱ የተቀበሉት ነው። አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ የሚነቅፉት የግእዝን የዘርፍ አያያዝ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ቃላት መካከል በማስገባቱ ነው። እኔ በዚህ አልከራከርም፤ «ቤተ ሙከራ» ብለን የተቀበልን ሰዎች በዚህ በኩል እጃችን ንጹሕ አይደለም። ከባዱ ጉድለት ሌላ ነው። ስያሜው «የኮምፒዩተር አንጎል» ብሎ መላውን መሣሪያ በዘርፍነት ስለ ያዘ ሌላ አጎላማሽ አይቀበልም። ግራፊክስ ካርድ ላይ ያለውም የራሱ ፕሮሰሰር አለው፤ ካርዱን ካርድ የሚያሰኘውም እርሱ ነው። አርቃቂዎቹ እዚህ ላይ ሲደርሱ «የግራፊክስ አንጎለ ኮምፒውተር» ለማለት ተገደዋል። አንባቢው ይህን ሲያነብ በሣጥኑ ውስጥ ሁለተኛ ኮምፒዩተር ያለ ይመስለዋል፤ አለዚያም ሁለቱን አንድ አድርጎ ያልፈዋል።

ዘይቤውም ቢሆን ምክሩን ይቃረናል። ባለ ሦስት ገጽታ ምስል ለሚያሠራ ጨዋታ ወይም ንድፍ ኮምፒዩተር የሚገጣጥም ሰው ከፍተኛውን ድርሻ ለግራፊክስ ካርዱ መድቦ ፕሮሰሰሩን መካከለኛ ቢያደርግ ይሻለዋል፤ የረቂቁ ዋና ምክርም ይኸው ነው። ነገር ግን በአማርኛ «አንጎል የሌለው» ስድብ በሆነበት አገር፣ «ከአንጎሉ ላይ ቆጥብ» የሚለውን ምክር ማን በቀላሉ ይቀበላል? ስያሜው አስቀድሞ ማዕረግ ሰጥቶታልና ገዢው ገንዘቡን ወደዚያው ያዘነብላል።

በበኩሌ «ማቀናበሪያ» የሚለውን አቀርባለሁ። «ማቀነባበር» ወደ ምግብና ቆዳ ኢንዱስትሪ ሄዷል፤ «ማቀናበር» ደግሞ ከሙዚቃው ሌላ ለመረጃ ሥራ እያገለገለ ነው። የመሣሪያ ስም ቅርጽ ያለው በመሆኑ ከአድራጊ ስሙ ከ«አቀናባሪ» ይለያል፤ ሙዚቀኛውም ስሙን አይነጠቅም። «ማዕከላዊ ማቀናበሪያ»፣ «የግራፊክስ ማቀናበሪያ» እያልን ያለ ችግር ልናጎላምሰው እንችላለን። ገበያው «ፕሮሰሰር» ማለቱን እንደማይተው ዐውቃለሁ። ምርጫው «ፕሮሰሰር» ወይም «አንጎለ ኮምፒውተር» ከሆነ ግን ያለ ማመንታት ውሰቱን እመርጣለሁ፤ ውሰቱ ቢያንስ ሁለቱን ይለያል።

አሁን ወደ «ማኅደረ ትውስታ» ልለፍ፤ ረቂቁ ገዢውን የሚያሳስተው በተለይ እዚህ ላይ ነው። (ረቂቁ በሃሌታው «ሀ» ጽፎታል፤ ሥሩ ኀደረ ስለሆነ ብዙኀኑ «ኀ» ይሻለዋል።) ማኅደር ማደሪያ ነው፤ የመጽሐፍን የቆዳ ማደሪያ ማኅደር እንላለን፤ በመሥሪያ ቤትም የሠራተኛው ማኅደር አለ። ከነዚህ ሁሉ የሚወጣው ስሜት፣ የገባበት ነገር ተጠብቆ የሚቆይበት ቦታ የሚል ነው። በገበያ «ራም» የሚባለው ክፍል ግን ኃይል በተቋረጠ ቁጥር የያዘውን ሁሉ ያጣል። ስለዚህ ስያሜው ከመጀመሪያው ወደ ሌላ ክፍል፣ ማለትም ወደ ዲስክ ያዘነበለ ነው። ይህን ዝንባሌ ረቂቁ አጠናክሮታል፤ «ማኅደረ ትውስታ» የሚለውን ለራሙም፣ በግራፊክስ ካርዱ ላይ ለሚገኘውም፣ በአንድ ገጽ ላይ ደግሞ ለዲስኩም ተጠቅሞበታልና። «ባለ 8 ጊጋባይት ማኅደረ ትውስታ» የሚል ሐረግ ያነበበ ሰው የትኛው እንደተባለ በምን ይወቅ? የካርዱ ቢያንሰው በራሙ ይተካል ብሎ ቢያስብ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ጂፎርስ ጂቲ 1030 በአነስተኛ ዋጋ ከሚገኙ ካርዶች አንዱ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ ጂዲዲአር5 የተባለውን የማኅደረ ትውስታ ዓይነት የያዘ ነበር። በ2018 በዚያው ስም፣ በዚያው 2 ጊጋባይት መጠን፣ ነገር ግን ዲዲአር4 የያዘ ሌላ ካርድ ወጣ። የመጀመሪያው በሴኮንድ 48 ጊጋባይት ያህል መረጃ ያመላልሳል፤ የሁለተኛው 16.8 ገደማ ነው፤ ከግማሽ በታች ማለት ነው። የእንግሊዝኛው ምንጭ ሁለቱን በዓይነታቸው ለይቶ ያስጠነቅቃል። ረቂቁ ግን ሁለቱንም «ባለ 2 ጊጋባይት ማኅደረ ትውስታ» ብሎ፣ የዓይነቱን ስም እንደ አላስፈላጊ ዝርዝር ቆጥሮ ትቶታል። እዚህ ላይ ተርጓሚው የተወው ሦስት ፊደልና አንድ አኃዝ ነው፤ ገዢው የሚያጣው ግን የካርዱን መረጃ የማመላለስ ፍጥነት ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው።

እርግጥ የመጀመሪያው ጥፋት የአምራቹ የኤንቪዲያ ነው። ለሁለት ነገር አንድ ስም መስጠት በመዝገበ ቃላት ሥራ የምንታገለው ችግር ነው፤ በንግድ ዓለም ደግሞ አንዳንዴ ሆን ተብሎ የሚደረግ ይመስላል። ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 አርቲኤክስ 4080 በሚል ስም ባለ 16 እና ባለ 12 ጊጋባይት ካርዶችን አስታወቀ። ልዩነታቸው የማኅደረ ትውስታ መጠን ብቻ አልነበረም፤ ማቀናበሪያቸው ራሱ የተለያየ ነበር። ነቀፌታው በመበርታቱ በጥቅምት ወር ባለ 12ቱን ስሙ ግራ ያጋባል በማለት ሰረዘው፤ በጥር 2023ም አርቲኤክስ 4070 ቲአይ ተብሎ ወጣ። ሥራችን ቃላት መሰንጠቅ ብቻ ነው ለሚሉን ሰዎች ይህን ታሪክ መጥቀስ ደስ ይለኛል፤ አንድ ግዙፍ ኩባንያ በስያሜ ምክንያት አንድን ዕቃ ከገበያ ከመድረሱ በፊት ሰብስቦታል።

ታዲያ ምን እናድርግ? «ማኅደረ ትውስታ» አይጥመኝም፤ ነገር ግን ሥር ሰዷልና እርሱን መንቀል ትርፉ ድካም ነው። ለራሙ ብቻ እንዲወሰን፣ ለካርዱ «የካርዱ ማኅደረ ትውስታ» እንዲባልና ብቻውን ከቶ እንዳይቆም፣ ዲስኩ «ማከማቻ» በሚለው ጥሩ አማርኛ እንዲጠራ፣ የዓይነት ስሞቹም እንዳሉ በፊደላችን እንዲጻፉ ሐሳብ አቀርባለሁ።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ጥንድ አለ። አንዳንድ ማዕከላዊ ማቀናበሪያዎች የግራፊክስ ክፍልን በውስጣቸው ይዘው ይሠራሉ፤ ይህን ረቂቁ «የተዋሐደ ግራፊክስ» ይለዋል፤ ለብቻው የሚገዛውን ካርድ ደግሞ «ቁርጠኛ ግራፊክስ» ብሎታል። ሁለተኛውን ሳነብ መሣቄን አልደብቅም። የእንግሊዝኛው ቃል ለሰው ሲነገር ቁርጠኛ፣ ለዕቃ ሲነገር ግን ለአንድ ሥራ ብቻ የተመደበ ማለት ነው፤ ካርድ ቁርጠኛ ታጋይ ሊሆን አይችልም። «የተዋሐደ» የሚለውም በእኛ ዘንድ ከባድ የነገረ መለኮት ሸክም ያለበት ቃል ከመሆኑ በላይ ዋናውን ነገር አይነግርም። ዋናው ነገር ይህ ዓይነቱ ግራፊክስ የራሱ ማኅደረ ትውስታ የሌለው፣ ከኮምፒዩተሩ ራም ላይ ተካፍሎ የሚኖር መሆኑ ነው። በሰው ቤት ተካፍሎ የሚኖረውን አማርኛ «ደባል» ይለዋል። «ደባል ግራፊክስ» እና «ራሱን የቻለ ግራፊክስ» ብንል ጥንዱ ሙሉ ይሆናል፤ አንዱ ተዳብሎ ይኖራል፣ ሌላው ቤቱን ችሏል። ስያሜው ትምህርትም ይሸከማል። ደባሉ በራሙ ፍጥነት ስለሚወሰን ገንዘብ እስኪገኝ ድረስ በደባል ግራፊክስ ለመቆየት ያሰበ ሰው አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ራም ከሚገዛ ሁለት ባለ 8 ገዝቶ በሁለት መስመር ቢያሠራቸው ይጠቀማል። በረቂቁ ውስጥ ይህ ምክር አለ፤ «የተዋሐደ» የሚለውን ያነበበ ሰው ግን ምክንያቱ አይገባውም።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፍ። «እናት ሰሌዳ» ይጽና፤ እናት ክፍል፣ እናት ድርጅት እያልን ስለኖርን ባዕድነት አይሰማውም። «የጠርሙስ አንገት» የሚለው ይውጣ፤ «ማነቆ» እያለ ጠርሙስ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም። በሴኮንድ የሚታዩ ምስሎችን «ክፈፍ» ማለት አንባቢውን ወደ ሥዕል ጠርዝ ስለሚወስደው «ምስል በሴኮንድ» ይበቃል።

አንዱን ግን ሳልዘረዝር አላልፍም። ረቂቁ «የኃይል አቅርቦትዎ ከ300 ዋት የማይበልጥ ከሆነ ይህን ካርድ አይግዙ» ይላል። በአገራችን የኃይል አቅርቦት ማለት ከመስመር የሚመጣው መብራት ነው፤ አንባቢው ቆጣሪውን ሊመረምር ይነሣል። የተባለው ግን በሣጥኑ ውስጥ ሆኖ ለክፍሎቹ ኃይል የሚያከፋፍለው ዕቃ ነው። መጋቢ መንገድ እንደምንለው «ኃይል መጋቢ» ብንለው ከመብራቱ ይለያል። ልዩነቱ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒዩተር ገዝቶ ካርድ ሊጨምርበት ለሚያስብ ሰው፣ ማለትም ለረቂቁ ዋነኛ አንባቢ ወሳኝ ነው። ካርዱ የሚሰካበት ማስገቢያ የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ነው፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከኃይል መጋቢው የሚመጣ ተጨማሪ ገመድ ይሻል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ባለ 8 ጊጋባይት አርቲኤክስ 3050 130 ዋት ይወስዳል፤ በ2024 በዚያው ስም የወጣው ባለ 6 ግን 70 ብቻ ስለሆነ ያለ ገመድ ይሠራል። ስሙ አንድ ነው፤ የቢሮው ኮምፒዩተር የሚችለው ሁለተኛውን ነው፣ ምንም እንኳ በችሎታ የሚያንሰው እርሱ ቢሆን።

በረቂቁ መጨረሻ የተያያዘው የቃላት ዝርዝር እንግሊዝኛውን በግራ፣ አማርኛውን በቀኝ አድርጎ ቀርቧል። ሦስተኛ ዐምድ ይጨመርበት፤ በእርሱም ገበያው የሚናገረው ይግባ፤ ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ማዘርቦርድ፣ ፓወር ሰፕላይ። ባለሱቁ ደባልንም ሆነ ኃይል መጋቢን ገና አልሰማም፤ ሠልጣኙም በአዲሱ ቃል ጠይቆ ባዶ እጁን መመለስ የለበትም። በዚህ ዐምድ ውስጥ «ቪጂኤ» ለሚለው ጥንቃቄ ያሻል። ቃሉ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው የማሳያ ደረጃ ስም ሲሆን፣ ዛሬ በአንዳንዱ ሰው አፍ ግራፊክስ ካርዱን ራሱን፣ በሌላው አፍ የማሳያውን የጥንት መሰኪያ ያመለክታል። ሁለቱም ፍች ተለይቶ ይመዝገብ፤ አዲሶቹ ካርዶች ይህ መሰኪያ የላቸውምና፣ አሮጌ ማሳያ ያለው ሠልጣኝ «ቪጂኤ ነው» ተብሎ የገዛውን ካርድ ቤቱ ሲያደርስ ከማሳያው ጋር የሚያገናኝበት መቀየሪያ ለመግዛት እንደገና ገንዘብ ማውጣት ይኖርበታል።