ምሕፃረ ቃል በድንገተኛ ሕክምና፤ ማሳጠር ወይስ ማሳሳት?

ምሕፃረ ቃል የሚመሠረተው ጊዜንና ቦታን ለመቆጠብ ነው። ይሁን እንጂ አንዱ ቅጽ ሁለትና ሦስት ጽንሰ ሐሳብ ሲሸከም የተቆጠበው ጊዜ ለማብራሪያ ይውላል፤ ማብራሪያ ለመጠየቅ ፋታ በማይገኝበት ሥራ ላይ ደግሞ ጉዳቱ በበሽተኛው ላይ ይደርሳል። በዚህ አጭር ሐተታ የምንተቸው በድንገተኛ ሕክምና ባለሙያዎች ዘንድ የተለመደውን የእንግሊዝኛ ምሕፃረ ቃል አጠቃቀምና ይህንኑ ልማድ ሳይመረምሩ ወደ አማርኛ የማስገባቱን ዝንባሌ ነው።

«ፒ ኢ» የሚለውን እንመልከት። ለአንዱ ሐኪም የሳንባን የደም ሥር የዘጋ የረጋ ደም ነው፤ ለሌላው በሳንባ ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽ ነው፤ ለሦስተኛው በሽታ ሳይሆን የአካል ምርመራ ማለት ነው። «ኤም ኤስ» ከዚህም ይብሳል። ሞርፊን ሰልፌትም ማግኒዝየም ሰልፌትም በእነዚሁ ሁለት ፊደላት ሊወከሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው ሕመም ያስታግሣል፣ ሲበዛም ትንፋሽ ያዳክማል፤ ሁለተኛው በእርግዝና የደም ግፊት ሳቢያ የሚመጣውን መንፈራገጥ ለመከላከል ይሰጣል። በአሜሪካ ሆስፒታሎችን እየመረመረ ዕውቅና የሚሰጠው ጆይንት ኮሚሽን በ2004 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ ባዋለው የተከለከሉ ምሕፃራት ዝርዝር ውስጥ ይህን ያስገባው በዚሁ ምክንያት ነው። «ዩኒት»ን የሚወክለው ነጠላ ፊደልም በዚያው ዝርዝር ተከልክሏል፤ በእጅ ሲጻፍ ዜሮ ስለሚመስል የኢንሱሊን መጠን ዐሥር እጥፍ ሆኖ ሊነበብ ይችላልና።

የልማዱ ተከላካዮች «ዐውዱ ይለየዋል» ይላሉ። ዐውዱ ግን ያለው ከጸሐፊው ዘንድ ነው። በሽተኛውን ከአምቡላንስ የሚረከበው ባልደረባ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ፊደሉን ብቻ ነው። በሬዲዮ መገናኛ ሲሆን «ቢ»፣ «ፒ»፣ «ዲ» እና «ቲ» ለጆሮ ይቀራረባሉ። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልዩ ልዩ ድርጅቶች በጋራ በሚሰማሩበት አደጋ ላይ በቁጥር ኮድ ፈንታ ግልጽ ቋንቋ እንዲነገር የርዳታ ገንዘብ ማግኛ ቅድመ ሁኔታ ማድረጉ ለዚህ ዐይነቱ ችግር መፍትሔ ፍለጋ ነበር።

ወደ አማርኛ ስንመለስ፣ የእንግሊዝኛውን የፊደል ስም በግዕዝ ፊደል መገልበጥ ቁጠባውን እንኳ ያሳጣል። «ኤም ኤስ» አራት ፊደል ነው፤ «ሞርፊን»ም አራት ፊደል ነው። እንግዲህ አሳሳቹን ቅጽ የመረጠ ተርጓሚ ያተረፈው ቦታ የለም።

የራሳችን ልማድም ከነቀፋ አያመልጥም። «ወ/ማርያም» ወልደ ማርያምም ወለተ ማርያምም ሊሆን ይችላል፤ በታካሚ ካርድ ላይ ወንድና ሴት ያደባልቃል። በአንጻሩ የቃሉን መነሻና መድረሻ ፊደል የሚይዘው ስልት ይሻላል፤ «ሻ/ቃ» እና «ሻ/ል» ተብለው ሲጻፉ ሻለቃና ሻምበል አይምታቱም። ማሳጠር ግድ ከሆነ አብነቱ ይህ ነው።

ምሕፃረ ቃል ሁሉ ይቅር አንልም። «ኤች አይ ቪ»ን የመሰለ፣ ሕዝብ በአንድ ትርጉም ያወቀው ቅጽ ይቀጥል። ነገር ግን የመድኃኒት ስም፣ የመጠን መለኪያና የታካሚ ስም ምንጊዜም በሙሉ ይጻፉ። ተርጓሚ ምሕፃሩን ከመተርጎሙ በፊት ይፍታው፤ መፍታት ካልቻለ ደራሲውን ይጠይቅ እንጂ በግምት አይሙላው። የመዝገበ ቃላት አዘጋጆችም አንድ ቅጽ ብዙ ፍቺ ሲኖረው ሁሉንም ጎን ለጎን ያስፍሩ፤ ሊሠራበት የማይገባውንም «አሳሳች» ብለው ምልክት ያድርጉበት።