ተደብቆ የተረፈ መጽሐፍ

ወረታ የመንገድ ከተማ ናት፤ ወደ ጎንደርም ሆነ ወደ ደብረ ታቦር የሚያልፍ ሁሉ ይረግጣታል። የቆየ መጽሐፍም እዚህ እንደ መንገደኛ በሻንጣ ነው የሚገባው። የአካባቢዋን የፎገራ ሩዝ ሸጦ የበዓሉ ግርማን ልብ ወለድ «ኦሮማይ» የ1975 ዓ.ም. እትም የሚያፈላልግ ሰው ቢኖር፣ አባከነ አልለውም። መጽሐፉ እንደወጣ ታገደ፤ ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ኋላ ደጋግሞ ታትሟል፤ ለማንበብማ አዲሱ ይበቃል። በአሮጌው ላይ ግን የወየበው ገጽ፣ የላላው ስፌት፣ በዳር የተጫረው የባለቤት ስም የራሳቸው ወሬ አላቸው። ሰብሳቢው ደራሲውን ብቻ አይደለም የሚያከብረው፤ በዚያ የእገዳ ክፉ ቀን መጽሐፉን ከሣጥን ሥር የሸሸጉትን እጆችም ጭምር እንጂ።