«ኦሮማይ»ን በኮሙኒኬሽንና በእንግሊዝኛ ተማሪ ዓይን

ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድል ብናገኝ እንግሊዝኛ እንምረጥ ወይስ ኮሙኒኬሽን? ማመልከቻ ሊሞሉ ሀራሙስ ድረስ የሚመጡ ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሱብን ጥያቄ ነው። ለብዙዎቹ ኮሙኒኬሽን ማይክራፎን መጨበጥ፣ እንግሊዝኛ ደግሞ ሰዋስው ብቻ ይመስላቸዋል። እኛ ግን ሁለቱን አንድ ላይ መማር ምን እንደሚጠቅም ለማሳየት ከበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» የተሻለ መጽሐፍ አላገኘንም። እንከን የለበትም ማለታችን ግን አይደለም።

በዓሉ ራሱ ሁለቱንም የያዘ ሰው ነበር። አሜሪካ፣ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት ተምሯል፤ በእንግሊዝኛ «አዲስ ሪፖርተር»ንና «ኢትዮጵያን ሄራልድ»ን፣ በአማርኛ «አዲስ ዘመን»ን አዘጋጅቷል። በ1974 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ በተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ተሳትፎ፣ በ1975 ልብ ወለዱን አሳተመ።

ዋናው ገጸ ባሕርይ ፀጋዬ ኃይለማርያም የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነው፤ አስመራ የሚሄደው የዘመቻውን ፕሮፓጋንዳ ሊመራ ነው። ስብሰባው፣ ንግግሩ፣ መፈክሩ ብዙ ገጽ ይበላል። «ኧረ ሰለቸን!» ብሎ የሚዘል አንባቢ አለ። እባካችሁ አትዝለሉት። በአዳራሽ ውስጥ ድሉ አስቀድሞ ተነግሮ ያልቃል፣ ናቅፋ ላይ ግን ድል የለም። የሚነገረውና የሚታየው እንዲህ ሲራራቁ ጋዜጠኛው የቱን ይዘግባል? የኮሙኒኬሽን ትምህርት ከዚህ ጥያቄ ይጀምራል።

የቋንቋው ነገርም አለ። «ኦሮማይ» ከጣሊያንኛ ወደ አስመራ ሰው አፍ የገባ ቃል ነው፤ አበቃለት፣ ከእንግዲህ ዋጋ የለውም እንደማለት። እ.ኤ.አ. በ2025 መጽሐፉ በዴቪድ ደጉስታና በመስፍን ፈለቀ ይርጉ ተተርጉሞ በእንግሊዝኛ ሲወጣ ርዕሱን እንዳለ ትተውታል። ደግ አደረጉ። «ጓድ»ንስ ምን ትሉታላችሁ? የእንግሊዝኛው «ኮምሬድ» የፓርቲውን ሽታ ይይዛል፤ ከ«ጓደኛ» ጋር ያለውን ዝምድና ግን ይጥለዋል። ክፍል ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚያከራክር ነው።

ቅሬታችን ሌላ ነው። ፊያሜታ ከእጮኛው ከሮማን ይልቅ ሕይወት ያላት ሴት ናት፣ ሆኖም ሁለቱንም የምናውቃቸው በፀጋዬ ዓይን ነው። በናቅፋ በኩል ያሉት ተዋጊዎች ደግሞ የራሳቸው ድምፅ የላቸውም ማለት ይቻላል። መጽሐፉ ፕሮፓጋንዳውን ቢታዘብም ጨርሶ አላመለጠውም። የኢትዮጵያና የኤርትራ ልጆች ባንድ ወንበር በሚቀመጡበት ካምፕ አስተማሪው ይህን በዝምታ ማለፍ የለበትም። ያንኑ ውጊያ ከወዲያ ሆነው እንዲዘግቡት ያድርግ።

መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉም ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህንንም ተማሪዎች ከማንበባቸው በፊት ይወቁት። ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ሙሉውን መስጠት ይቻላል። ለታናናሾቹ ግን ይከብዳል፤ ከስብሰባው ሁለት ገጽ ገልብጦ ማደል ይበቃል።