የሙታን ቤት ወይስ የሕያዋን? ስለ ስታንሊ ሆቴልና ስለ ልብ ወለዱ

በአሜሪካ በኮሎራዶ፥ ኤስቲስ ፓርክ በምትባለው የተራራ ከተማ፥ ስታንሊ የሚባል ነጭ ሆቴል አለ። ብዙ እንግዳ ወደዚያ የሚሄደው ተራራውን ለማየት ብቻ ሳይሆን ሙታን ይመላለሱበታል የተባለውን ቤት በመሪ ለመጎብኘት ጭምር ነው። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው መንፈስ መኖር አለመኖሩን አይደለም። የምንጠይቀው፥ ከሆቴሉ ወሬ፥ ከልብ ወለዱና ከፊልሙ ፍርሃትን በእውነት የሚያስረዳን የትኛው ነው? የሚለውን ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሆቴሉን ያሠራው ፍሪላን ኦስካር ስታንሊ ከመንትያ ወንድሙ ጋር በእንፋሎት የሚሄድ አውቶሞቢል በመሥራት የታወቀ ሰው ነበር። በ1903 የሳንባ ነቀርሳ ታሞ አየር ለመለወጥ ወደ ኮሎራዶ መጣ፤ ጤናው ስለ ተመለሰለትም ሆቴሉን በ1909 ከፈተ። ቤቱ ለሞቃቱ ወራት ብቻ የታሰበ ስለ ነበረ ብርድ ሲገባ ይዘጋ ነበር። በ1974 ሊዘጋ ሲል ደራሲው ስቲቨን ኪንግ ከባለቤቱ ጋር ደረሰና ባዶ በሆነው ቤት በ217 ቁጥር ክፍል አደረ። ሌሊት፥ ትንሽ ልጁ በኮሪደሩ እየጮኸ ሲሮጥ፥ የእሳት ማጥፊያ ጎማ ሲያሳድደው በሕልሙ አየ። በ1977 የታተመው «ዘ ሻይኒንግ» የተወለደው ከዚህ ሕልም ነው።

ልብ እናድርግ፤ በሕልሙ ውስጥ አንድም ሙት የለም፤ ያለው ለልጁ የሚፈራ አባት ነው። በመጽሐፉም የሆቴሉ ክረምት ጠባቂ ጃክ ቶራንስ በመጠጥ የተጎዳ፥ አስቀድሞም የልጁን ክንድ በቁጣ የሰበረ ሰው ነው። መናፍስቱ የሚገቡት አስቀድሞ በተከፈተ በር ነው። የቤቱ ማሞቂያ እንፋሎቱ በየጊዜው ካልተነፈሰ ይፈነዳል፤ የሰውየውም ቁጣ እንዲሁ ነው። ኪንግ ራሱ፥ ሳያውቀው ስለ ራሱ ጠጪነት ይጽፍ እንደ ነበረ ኋላ ተናግሯል።

የስታንሊ ኩብሪክ ፊልም (1980) በሥዕሉ ውበት የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን ጃክ ከመጀመሪያው ያበደ ይመስላል። ሲጀመር የወደቀ ሰው ሲወድቅ አይታይም፤ ስለዚህ እንፈራዋለን እንጂ አናዝንለትም። ፊልሙ የቤቱን ውጭ ያነሣው በኦሬገን ካለው ቲምበርላይን ሆቴል ነው። የዚያ ቤት ኃላፊዎች እንግዳ ይሸሻል ብለው ስለ ሠጉ 217 የሚለው ቁጥር 237 ተባለ። ዛሬ ግን በቲምበርላይን ከሁሉ ይልቅ የሚፈለገው 217 ነው። ስታንሊም በ2015 በግቢው የቁጥቋጦ አጥር መጥፊያ መንገድ ተከለ፤ ይህ በመጽሐፉ የሌለ፥ ከፊልሙ የመጣ ነገር ነው። እንግዲህ ቤቱ የራሱን ሥዕል መምሰል ጀመረ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ነው ቢባል እንቀበል ነበር፤ ቤቱም እንጀራ ያስፈልገዋል። የሚከብደን አንድ ነገር ነው። በ1911 በዚያው ክፍል የመብራት ጋዝ ፈንድቶ አንዲት የክፍል ሠራተኛ ተጎዳች፤ ሆኖም አልሞተችም። በወሬው ግን ዛሬም የእንግዶችን ልብስ እያጣጠፈች ታስተካክላለች። በሕይወት የተረፈችው ሴት በወሬ ሙት ሆና፥ ያለ ደመወዝና ያለ ዕረፍት ታገለግላለች። ስለ አደጋዋ የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ ስለ ጥላዋ የሚጠይቅ ግን ብዙ ነው።

ስለዚህ ፍርዳችን ለመጽሐፉ ነው። የሆቴሉ ወሬ ፍርሃትን ከእኛ አርቆ በሙታን ላይ ይጥላል፤ ልብ ወለዱ ግን ወደ ቤታችን ይመልሰዋል። ወደ ስታንሊ የሚሄድ ሰው በ217 በር ፊት ሲቆም «ማን ሞተ?» ከማለት ይልቅ «ማን ተጎዳ? ማንስ ጎዳው?» ብሎ ቢጠይቅ ጉብኝቱ ትምህርት ይሆንለታል ብለን እናምናለን።