ሰው ያልተሳለው ስእለት፦ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ስላለው ሁለተኛ ግድግዳ

በ1958 ዓ.ም. የታተመው የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ከያዘው ከፍ ያለ ስፍራ የተነሣ ብዙ ተጽፎበታል። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ካነበበው ወዲህ ደግሞ ፊደል ያልቈጠረው ሕዝብ ጭምር በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ዘመዶቹ ያውቃቸዋል። ስለ መጽሐፉ የሚሰጠው ፍርድ ግን ከሞላ ጐደል አንድ ዐይነት ሆኖ ቈይቷል፤ ይኸውም የድኻ ልጅና የባላባት ልጅ ቢዋደዱ የዘር ልዩነት ለያያቸው፤ መጽሐፉም ለያዩአቸው ሰዎችና ለቆሙበት ሥርዐት የቀረበ ክስ ነው የሚል ነው። ይህ ፍርድ ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። በሁለቱ መካከል የቆመው ግድግዳ አንድ ብቻ አይደለም። አንደኛው የፊታውራሪ መሸሻ አጥር ሲሆን ሁለተኛው በበዛብህ ልብ ውስጥ በሕፃንነቱ የተሠራ ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ስለ ሁለተኛው ግድግዳ መናገር ነው።

ታሪኩን በአጭሩ የሚተርኩልን ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከዲማ ጊዮርጊስ ይጀምራሉ። ደራሲው ግን የጀመሩት ከማንኩሳ ነው፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። በዚያ የምናገኛቸው የበዛብህ ወላጆች፥ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ፥ ሁለቱም ኑሮ ያስፈራራቸው ሰዎች ናቸው። እርሱ ድኽነትን ያውቃል፤ እርስዋ ደግሞ ባሎችዋ እየሞቱባት የሰው ዐይን የፈራት ሴት ናት። እንደነዚህ ላሉ ሰዎች በእርጅና ደጃፍ ላይ የተገኘ ልጅ ከደስታው ይልቅ ሥጋቱ ይበልጣል። ስለዚህ ሕፃኑ በታመመ ጊዜ፥ ቢድንላቸው ሚስት ሳያገባ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል ሊሰጡት ተሳሉ። ልጁም ዳነ። እንግዲህ በዛብህ አፉን ሳይፈታ የሕይወቱ ዋና ውል ተፈርሞ አልቋል። የወላጆቹ ፍርሃት ወደ እርሱ ተላለፈ፤ ስሙም ዕዳ ሆነ።

የአገራችንን ልማድ ለሚያጠና ሰው ይህ ስእለት እንግዳ ነገር አይደለም። የሳሙኤል እናት ሐና ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ ታኅሣሥ 3 ቀን የሚከበረው የበዓታ በዓልም እመቤታችን በሦስት ዓመትዋ ወደ ቤተ መቅደስ የገባችበት መታሰቢያ ነው። እነ ቦጋለ ያደረጉት ከአባቶች የተቀበሉትን ምሳሌ መከተል እንጂ ጭካኔ አልነበረም። ደግሞም ልብ ሊባል የሚገባው ቤተ ክርስቲያናችን የተማረ ሰው ሁሉ እንዳያገባ አለማዘዝዋ ነው። ዲያቆን በቁርባን አግብቶ ቅስና ይቀበላል፤ ደብተራም ባለ ትዳር ነው። በጎጃም ደጋ በየደብሩ የምናገኘው የቅኔ መምህር አብዛኛውን ጊዜ ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው ነው። በዛብህን ከሚስት የሚከለክለው እንግዲህ ሙያው አይደለም፤ በእርሱ ስም ሌሎች የተሳሉት ስእለት ነው።

ይህን መጽሐፍ ከሼክስፒር «ሮሜዎና ዡልየት» ጋር ማነጻጸር የተለመደ ነው። ንጽጽሩ የሚያስኬደው ግን እስከ በሩ ድረስ ነው። ሮሜዎ የሚታገለው ከውጭ ካለ ጠላት ጋር ነው፤ የሁለቱ ቤቶች ጠብ ቢቀር ወደ ዡልየት ከመሄድ የሚያግደው አንዳች ነገር የለም። በዛብህ ግን ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን በገዛ እጃቸው መርቀው ቢሰጡት እንኳ ሊቀበላት ይችል እንደ ሆነ እርግጠኛ አይደለም። በዚህ ምክንያት ፍቅሩን የሚያውቀው መጀመሪያ እንደ ደስታ ሳይሆን እንደ በደል ነው። ወላጆቹን፥ ከዚያም በላይ ከሞት ያዳነውን አምላክ የከዳ ይመስለዋል።

ስእለቱ ያሰረውን ልብ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ቈልፎታል። የቆሎ ተማሪ ሕይወት ከቤት ርቆ በመሄድ የሚጀምር ነው፤ ወላጅ በሚናፍቅበት ዕድሜው ለምኖ መብላትን፥ ከውሻ ጋር መታገልን፥ ብርዱን በደበሎው መቋቋምን ይለምዳል። ናፍቆቱን ለማንም አይናገርም፤ የሚናገርበት ሰዓትም ቦታም የለም። ከዚያም ቅኔ ቤት ይገባል። ጎጃም በዋሸራና በጎንጅ ቅኔ ስሙ የተጠራ አገር እንደ መሆኑ ለትምህርቱ ክብር የማይሰጥ የለም፤ እኔም ክብሩን ለመቀነስ አልተነሣሁም። ነገር ግን ቅኔ ወርቁን በሰም ሸፍኖ ማቅረብን የሚያስተምር ሙያ ነው። አሜሪካዊው ሊቅ ዶናልድ ሌቪን በ1965 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባወጣው «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ ይህን አነጋገር የአማራው ሕዝብ ጠባይ መግለጫ አድርጎ አቅርቦታል። የሌቪን አስተያየት ሕዝብን በጅምላ የሚመዝን በመሆኑ እንዳለ ለመቀበል ይከብደኛል፤ በዛብህን ብቻ ለመረዳት ግን ይጠቅማል። ገና በልጅነቱ ስሜቱን መሸሸግ የተማረ ሰው፥ በጐልማሳነቱ መሸሸግን እንደ ጥበብ የሚያስመሰግን ትምህርት ሲያገኝ፥ ዝምታው እንደ ቁስል መታየቱ ይቀርና እንደ ጨዋነት ይቈጠርለታል። ዲማ ያከበረው በዛብህ ይህ ነው፤ ሰብለ ወንጌልን የሚያስጨንቃትም ይኸው ነው።

ሰብለ ወንጌል በበኩልዋ ቁስል የሌላት አይደለችም። አባትዋ ለልጃቸው የሚመጥን ዘር አጥተው ጠያቂውን ሁሉ ሲመልሱ፥ እርስዋ እኩዮችዋ ወልደው በሚስሙበት ዕድሜ በአጥር ውስጥ ቀርታለች። ቢሆንም የእርስዋና የእርሱ እስራት አንድ ዐይነት አይደለም። እርስዋን ያሰራት ሰው ስለ ሆነ ልትጠላውም ልታመልጠውም ትችላለች። በዛብህን ያሰሩት ግን የወደዱት ሰዎች ናቸው፤ ከፍቅር ደግሞ ማምለጫው አይታወቅም። ወሳኙን መንገድ እርስዋ የተራመደችው ስለዚህ ይመስለኛል። በዛብህ ለነፍሱ ሲሠጋ ወደ አዲስ አበባ ይሸሻል፤ ሰብለ ወንጌል ግን የአባትዋን ቤት ጥላ እርሱን ፍለጋ ትወጣለች።

እዚህ ላይ ደራሲው እጅግ ጥልቅ የሆነ ነገር አድርገዋል። ሰብለ ወንጌል የምትወጣው የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ነው። ልብሱ ለጊዜው መደበቂያ ነው፤ ነገር ግን ለበዛብህ በሕፃንነቱ የታሰበው ልብስ ይኸው አልነበረምን? በመጨረሻም በዛብህ በሞት ሲለያት እርስዋ በእውነት ትመነኵሳለች። ማንኩሳ ላይ የተገባው ስእለት በዚህ ዐይነት ይፈጸማል፤ ዕዳውን የከፈለችው ግን በመሳሉ ጊዜ ያልነበረችው፥ ስለ እርስዋም ማንም ያላሰበላት ሴት ናት። ያልዳነ የልጅነት ቁስል ባለቤቱን ብቻ አጥቅቶ እንደማይቀር፥ የሚወደውንም ሰው እንደሚያስከፍል ከዚህ በተሻለ የገለጸ የአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ አላውቅም።

ምስጋናው ይህ ከሆነ ጕድለቱን መናገር ደግሞ የሐያሲ ግዴታ ነው። አንደኛው ጕድለት የሚገኘው በጕዱ ካሳ ንግግር ነው። ካሳ ዳምጤ በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የሚያይ ሰው ነው፤ አገሩ እንደ እብድ የሚቈጥረውም ስለሚያይ ነው። ሆኖም ክፉውን ሁሉ በልማድና በሥርዐት ላይ ሲጭን የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢትና የእነ ቦጋለ ስእለት በአንድ ሚዛን የሚገቡ ይመስላል። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። የመሸሻን ትዕቢት በአበጀ በለው የተመራው ገበሬ በጦር አሸነፈው፤ ስእለቱን ግን በጦር የሚያሸንፈው የለም። ደራሲው ለዚህ ለሁለተኛው ጠላት የሚስማማ ተናጋሪ ቢያቆሙለት ኖሮ መልካም ነበር።

ሁለተኛው ጕድለት ከዚህ የከበደ ነው። በዛብህ ሞተ፤ በመሞቱም ከሁሉ የሚያስፈልገው ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። ይህ ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ከሰብለ ወንጌል ጋር ቢኖር፥ አሥር ዓመት ቢቈይ፥ ልጅ ታሞበት ሌሊቱን ቢያድር፥ ልቡን ከፍቶ ሊሰጣት ይችል ነበርን? ወይስ እርሱም በተራው ልጁን ይሳል ነበር? መቃብሩ ለፍቅሩ ክብር ሰጥቶታል፤ ደራሲውንም አንባቢውንም ከዚህ ጥያቄ አሳርፏቸዋል። ዕረፍቱ ግን በቀላሉ የተገኘ ነው።

ይህን ሁሉ መናገር ያስፈለገበት ምክንያት አለ። ፊታውራሪ መሸሻ የቆሙበት የመሬት ሥሪት በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ተሽሯል። መጽሐፉ የዚያ ሥርዐት ክስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ክሱ ከተከሳሹ ጋር ባበቃ፥ እኛም ዛሬ እንደ ታሪክ ሰነድ ብቻ ባነበብነው ነበር። ነገር ግን ጭሰኛን በዐይናቸው ያላዩ ወጣቶች አሁንም ያለቅሱበታል። እንደ እኔ አስተያየት የሚያስለቅሳቸው የፈረሰው ግድግዳ ሳይሆን ያልፈረሰው ነው። ወላጅ ከፍርሃቱ የተነሣ በልጁ ስም ቃል መግባቱን፥ ልጅም ያን ቃል እንደ ራሱ ቃል ይዞ በሚወደው ሰው ፊት ዝም ማለቱን አልተወም።

ስለዚህ መጽሐፉን ለተማሪዎቻችን ስናስተምር የማንኩሳን ምዕራፎች እንደ መግቢያ ቈጥረን በፍጥነት እንዳናልፋቸው አሳስባለሁ። የበዛብህ ሕመም የተጀመረው ሰብለ ወንጌልን ባየ ቀን ሳይሆን፥ ሁለት የደነገጡ ሽማግሌዎች በአንድ ሕፃን መኝታ አጠገብ እጃቸውን ዘርግተው በቆሙበት ሌሊት ነው።